ኢኮኖሚክስ ተምሮ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሥራ መፈለግ

የሥራ ማስታወቂያ ማንበብ ከተመረቅኩ ጀምሮ የያዘኝ ልማድ ነው። ሥራ ካገኘሁ በኋላም አልለቀቀኝም። ፒያሳ ስወርድ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን፣ ማታ ደግሞ ቴሌግራም ላይ የሚዞረውን አያለሁ። የትኛውንም ብታነቡ አንድ መስመር አይቀርም። «በአካውንቲንግ፣ በማኔጅመንት፣ በኢኮኖሚክስ ወይም በተመሳሳይ የትምህርት ዘርፍ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው/ያላት።» ኢኮኖሚክስ ሁሌ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ነው። ብቻውን ተጠርቶ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ቦታው አዲስ አበባ ነው።

መጀመሪያ አካባቢ ይሄ ያናድደኝ ነበር። ማይክሮው (የገዢና የሻጭ ኢኮኖሚ)፣ ማክሮው (የአገር ኢኮኖሚ)፣ ኢኮኖሜትሪክሱ (ኢኮኖሚን በዳታ መለካት)፣ ያ ሁሉ ካልኩለስ ለዚህ ነው እንዴ? አሁን ከቀጣሪዎቹ ወገን ስቀመጥ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ይታየኛል። እዚህ አካባቢ ያለ ቀጣሪ ኢኮኖሚስት የሚባል ሰው አይፈልግም። የሚፈልገው ቁጥር ሲያይ «ይሄ ልክ አይደለም» የሚል፣ የት ጋ እንደተበላሸ ፈልጎ የሚያገኝ፣ ከዚያ ቁጥር ለማይወድ አለቃ በሁለት ደቂቃ የሚያስረዳ ሰው ነው። ይሄን የሚችል ልጅ ከየትኛውም ዲፓርትመንት ቢመጣ ይወስዱታል። እንደ እኔ እምነት ኢኮኖሚክስ የተማረ ልጅ ለዚህ ከማንም በላይ ቅርብ ነው። ቅርብ መሆኑን የነገረው ስለሌለ ግን የባንክ ፈተና ሲጠብቅ ዓመት ይሞላዋል።

የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ ዕቃ የሚያጓጉዝና የሚያከማች ድርጅት ውስጥ። ቤቴ ደሴ ስለሆነ ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። አዲስ ተመራቂ ስንቀጥር ኢንተርቪው ከሚያደርጉት አንዱ እኔ ነኝ። የመመረቂያ ውጤት ብዙም አናይም። ላፕቶፕ ላይ አንድ የኤክሴል ፋይል ከፍተን እንሰጣለን። የመኪና ጉዞ መዝገብ ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፦ አንድ መኪና ከጅቡቲ ተነሥቶ ኮምቦልቻ እስኪገባ በአማካይ ስንት ቀን ይፈጅበታል?

ፋይሉን ሆን ብለን አላበላሸነውም። ድሮም እንደዚያው ነው። የመነሻውን ቀን የሚጽፈው ጅቡቲ ያለው ወኪል ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። የመድረሻውን የሚጽፈው እዚህ በር ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ነው፤ አንዳንዴ በእኛ አቆጣጠር፣ አንዳንዴ በፈረንጅ፣ እንደመጣለት። «3፡00» ተብሎ የተጻፈው ጠዋት ሦስት ሰዓት ይሁን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የሚያውቀው ጻፊው ብቻ ነው። ጭነቱ አንዱ ረድፍ ላይ 400፣ ሌላው ላይ 40፣ ሌላው ላይ 40,000 ይላል። ሦስቱም ያው ባለተሳቢ መኪና ነው፤ አንዱ በኩንታል፣ አንዱ በቶን፣ አንዱ በኪሎ ጽፎት ነው። የከተማችንን ስም ራሱ በላቲን ፊደል አንዱ በ«ኬ»፣ አንዱ በ«ሲ» ይጀምረዋል። ኮምፒውተሩ ሁለት ከተማ ይመስለዋል። ሾፌሮቹ ጋ ስትደርሱ ደግሞ አንዱ መሐመድ በአምስት ዓይነት አጻጻፍ ይመጣል።

አብዛኛው ልጅ አማካይ የሚያወጣውን ፎርሙላ ይጽፋል፣ ኢንተር ይላል፣ የወጣለትን ያነብልናል። አንዱ ኮራ ብሎ «ማይነስ 212 ቀን» አለን። መኪናው ሳይነሳ ሰባት ወር ቀድሞ ገብቷል ማለት እኮ ነው። ልጁ ከፍተኛ ውጤት ነበረው። ሥራውን ያገኘችው ሌላ ልጅ ናት። ፋይሉን ከላይ እስከ ታች ዝም ብላ ስትመለከት ቆየችና ሳቋ መጣ። «ይሄኛው መኪና ሳይነሳ ሰባት ዓመት ቀድሞ ደርሷል» አለች። ከዚያ በመነሻና በመድረሻ መካከል ወደ 2,800 ቀን ገደማ የሚጎድልባቸውን ረድፎች ለየች። ያ ቁጥር በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ነው። ቀጥላ የጠየቀችን ጥያቄ ደግሞ ከመልሱ ይበልጣል፦ «በር ላይ የሚጽፈውን ሰው ላናግረው እችላለሁ?» ያልተረዳችውን ረድፍ አልገመተችም። አውጥታ ለብቻ አስቀመጠችው፤ ስንት ረድፍ እንደተወችም ነገረችን።

እኔን የሚገርመኝ ይሄ አለመማሩ ነው። ኢኮኖሜትሪክስ ክፍል ውስጥ ዳታው ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ ነው የሚመጣልን። የእኛ ሥራ ሪግሬሽን (የነገሮችን ዝምድና በቁጥር የሚያሳይ ስሌት) ማስኬድና ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ አለመሆኑን የሚጠቁሙትን ኮከቦች መቁጠር ነበር። ውጭ ያለው ሥራ ዘጠኝ አሥረኛው ከዚያ በፊት ያለው ነው። ማን ጻፈው? ለምን ጻፈው? ሲጽፍ ማንን ፈርቶ ነበር? በር ጠባቂው መኪና ያደረበትን ቀን የሚያሳንሰው ቅጣት እንዳይመጣበት ከሆነ የትኛውም ሞዴል አያድናችሁም።

ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ። ከ50 በመቶ በታች ያመጣ ዲግሪውን አይወስድም። ብዙ ሰው ይሰድበዋል፤ እኔ አልሰድበውም። ቢያንስ አራት ዓመት ያለፈበትን ልጅ ኮርሶቹን መልሶ እንዲያነብ ያስገድደዋል። ግን ምርጫ ያለው ፈተና ነው። ከአራት አማራጭ አንዱን መምረጥና አማራጭ ያልተሰጠውን ጥያቄ ራስ አንሥቶ መመለስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፈተናውን ማለፍ በሩ ጋ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሌላ ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ቲዎሪው ላውራ፤ ምክንያቱም «ክፍል ውስጥ የተማርነው ሁሉ ከንቱ ነው» የሚለው ወሬም አይዋጥልኝም።

ኮምቦልቻ የቆመችው መንገድ ላይ ነው። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ታገኟታላችሁ። አንዱ መንገድ ወደ አዲስ አበባ፣ አንዱ በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ወደቡ ይሄዳል። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ ዱቄት ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡ የተኮለኮሉት ለዚህ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ከጅቡቲ የሚመጣ መኪና ሙሉ ነው፤ የሚወርደው አብዛኛው ባዶ ነው። አገራችን የምታስገባው ዕቃ ከምትልከው በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ነው። ስለዚህ ወደዚህ የሚጫነው ዕቃ የባዶ መመለሻውን ነዳጅ ጭምር ተሸክሞ ይመጣል። ወደ ታች የሚልከው ነገር ያለው ሰው ደግሞ የመደራደር አቅም አለው፤ ባለመኪናው ባዶውን ከሚወርድ ነዳጁን የሚሸፍንለት ካገኘ ይጭናል።

አንድ አዲስ ተመራቂ ሥራ በጀመረ በጥቂት ወራት ውስጥ መጥቶ «ማሾ ለሚልኩት ነጋዴዎች ለምንድነው ከጅቡቲ በምናስመጣበት ታሪፍ የምናስከፍላቸው?» ብሎ ጠየቀ። የተሰጠው መልስ «ድሮም እንደዚያ ነው» የሚል ነበር። ልጁ አልተወውም። ባዶ የወረዱትን መኪኖች ቆጠረ፤ የነዳጁን ወጪ አሰላ፤ በግማሽ ታሪፍ እንኳ ብንጭን የሚተርፈውን አንድ ገጽ ላይ ጻፈ። ማርጂናል ኮስት የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ የለም። «መኪናው ለማንኛውም ይወርዳል፤ ጭኖ ቢወርድ የሚጨምርብን ወጪ ይሄን ያህል ብቻ ነው» ይላል። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ አነበበው። አሁን ታሪፉ ሁለት ነው።

ይሄ የሁለተኛ ዓመት ማይክሮ ነው። ሌላ አስማት የለውም።

ሌላም ልጨምር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ብሩን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በዚያው ቀን ከ74 አለፈ፤ ብዙም ሳይቆይ መቶን ተሻገረ። በዚያ ሰሞን ደሴ ውስጥ የማውቀው የመለዋወጫ ነጋዴ ሱቁ ውስጥ የነበረውን ዕቃ በገዛበት ዋጋ ላይ የለመደውን ትርፍ ጨምሮ ሸጠው። ገበያው ደርቶለት ነበር፤ ደስ ብሎታል። ዕቃውን ልተካ ሲል የሰበሰበው ብር ያንኑ ያህል ዕቃ አልመለሰለትም። ዩኒቨርሲቲ «ኦፖርቹኒቲ ኮስት» ስንል የነበረው ይሄን ነው፦ የዕቃ ዋጋ የገዛህበት ሳይሆን የምትተካበት ነው። ያ ሰውዬ በዚያ ሳምንት ይሄን ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳው አንድ የኢኮኖሚክስ ተመራቂ ቢያገኝ ኖሮ የዓመት ደመወዙን በአንድ ከሰዓት ያወጣለት ነበር። ተመራቂዎቹ ደግሞ ከሱቁ ፊት ለፊት ካፌ ተቀምጠው የባንክ ፈተና መቼ እንደሚሆን ይነጋገራሉ። (ባንኮቹን አልጠላም። ወረፋው ግን ረጅም ነው።)

ብዙ ልጆች የሚጠይቁኝ «ልምድ የለኝም፣ ልምድ ከየት ላምጣ?» ብለው ነው። ዜሮ ዓመት የሚለው ማስታወቂያ እንኳ ውስጥ ውስጡን ልምድ ይፈልጋል። ያናድዳል፤ አውቃለሁ። የእኔ መልስ ሁሌ አንድ ነው፦ ሰኞ ገበያ ሂዱ።

ቀልድ አይደለም። አምስት ዕቃ ምረጡ። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ሽንኩርት፣ ዘይት። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ቦታ ዋጋቸውን መዝግቡ። ለሦስት ወር። ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው ኢኮኖሚክስ የሚጀመረው። «ጤፍ» ብላችሁ ስትጽፉ የትኛው ጤፍ? ነጩ፣ ሰርገኛው፣ ቀዩ፤ ሦስቱም ዋጋቸው ይለያያል። ነጩን አንድ ሳምንት፣ ሰርገኛውን በሚቀጥለው ሳምንት ብትመዘግቡ ዋጋ ወረደ ብላችሁ ዜና ትጽፋላችሁ። ከዚያ መስፈሪያው አለ። በኩንታል የሚሸጥ አለ፣ በኪሎ የሚሸጥ አለ፣ ገጠር ስትወጡ በቁና የሚሰፈር አለ። ቁና ደግሞ ከአገር አገር ይለያያል፤ ሞልቶ የሚሰፍርና ጫፉን የሚያስተካክል ሰው እንኳ እኩል አይሰጥም። ዋጋው ሳይነካ መስፈሪያው ሊቀንስ ይችላል። ይሄም የዋጋ ግሽበት ነው፤ ቁጥሩ ላይ ግን አይታይም። ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ከዓለም ባንክ ጋር በሚያካሂደው የቤተሰብ ጥናት ውስጥ የየአካባቢውን መስፈሪያ ወደ ኪሎ የሚመልስ ሠንጠረዥ ራሱን ችሎ ያለው በከንቱ አይደለም።

የሰፈሬ ልጅ ይሄን ምክሬን ሰምቶ ሄደ። የመጀመሪያው ሰኞ ደብተር ይዞ አንዲት እህል ሻጭ ፊት ቆመ።

«እናቴ፣ ዛሬ ሰርገኛው ስንት ገባ?»

«ትገዛለህ ወይስ ትጽፋለህ ልጄ?»

«እጽፋለሁ።»

«የምትጽፍ ከሆነ ሌላ ነው፤ የምትገዛ ከሆነ ሌላ ነው።»

ልጁ ደንግጦ መጣ። እኔ ግን ደስ አለኝ። ያቺ ሴትዮ በአንድ ዓረፍተ ነገር የዳሰሳ ጥናት ኮርሱን አስተማረችው። የሚጠየቅ ሰው መልስ የሚሰጠው ጠያቂውን አይቶ ነው። መንግሥት መስሎ ከሄደ አንድ ዋጋ፣ ገዢ መስሎ ከሄደ ሌላ ዋጋ፣ እርዳታ ድርጅት መስሎ ከሄደ ደግሞ ችግር ይበዛል። በሚቀጥለው ሰኞ አንድ ኪሎ ገዝቶ ነው የጠየቃት። በኋላ ስትለምደው ራሷ «ዛሬ ከየጁ በኩል መኪና አልገባም፣ ለዚያ ነው የጨመረው» እያለች ምክንያቱን ትነግረው ጀመር። አቅርቦትን ከሷ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም።

በሦስት ወሩ መጨረሻ በእጁ የነበረው አንድ ፋይልና ሁለት ገጽ ጽሑፍ ነው። ሲቪው ላይ «ማይክሮሶፍት ኤክሴል እችላለሁ» የሚለውን መስመር ሰርዞ «የደሴ ሰኞ ገበያ የአምስት ዕቃዎች ሳምንታዊ ዋጋ፤ ሰብስቤ፣ አጽድቼ፣ ጽፌ» አለ። ኢንተርቪው ላይ ስለዚህ ይጠይቁታል፤ ስለዚህ ደግሞ ከማንም በላይ ያውቃል። አብዛኛው የመመረቂያ ጽሑፍ እኮ እንዲህ አይደለም። ርዕሱ ብቻ ተቀይሮ የሚዞር ጽሑፍ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ጠያቂው ደግሞ ሁለተኛ ጥያቄ ላይ ይደርስበታል።

ስለ ጽሑፉ አንድ ነገር ልበል። ዩኒቨርሲቲ ሁሉን ነገር በእንግሊዝኛ ነው የተማርነው። ሥራ ላይ ግን ነጋዴው አማርኛ ነው የሚያወራው፣ ቢሮው አማርኛ ነው የሚጽፈው፣ ስብሰባው በአማርኛ ነው። ኢላስቲሲቲን በእንግሊዝኛ በቃሉ የሚተነትን ልጅ ባለ ሱቁን «ዋጋህን አሥር ብር ብትጨምር ከመቶ ደንበኛ ስንቱ ይቀርብሃል?» ብሎ መጠየቅ ሲያቅተው አይቻለሁ። ጥያቄው ያው ነው። እንግሊዝኛም ያስፈልጋል፤ ለእርዳታ ድርጅት ሪፖርት፣ ለውጭ ደብዳቤ። ሁለቱንም የያዘ ልጅ ግን እዚህ ከተማ ውስጥ ብዙ አይደለም። አንድ ገጽ ንጹሕ አማርኛ መጻፍ የሚችል ልጅ ቢሮ ውስጥ ቶሎ ይታወቃል፤ የሁሉም ደብዳቤ እሱ ጋ ይመጣና ማረፊያ ያጣል እንጂ።

የት የት ሥራ አለ ለሚለው ባጭሩ ልለፈው። ባንክ አለ፤ የጽሑፍ ፈተናው ላይ ስታዲየም የሚሞላ ሰው ይመጣል። ገቢዎች፣ ንግድ ቢሮ፣ ፕላንና ልማት፣ ኅብረት ሥራ አለ፤ የመንግሥት ቅጥር መቼ እንደሚከፈት አላህ ነው የሚያውቀው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ሲመረቅ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በ2014 ጦርነቱ ደሴንም ኮምቦልቻንም አዳረሰ፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ኢትዮጵያ ከአሜሪካው የአጎዋ ዕድል ወጣች። ከቀረጥ ነፃ በነበረ ገበያ ላይ የተመሠረተ ሥራ ገበያው ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም። እዚህ ያለን ሰዎች አይተነዋል።

ትንሽ ልቆይበት የምፈልገው የብድር ባለሙያ ሥራ ላይ ነው። ብዙ ልጅ ይንቀዋል። ድሮ አብቁተ የምንለው፣ አሁን ፀደይ ባንክ የሆነው፣ ሌሎቹም የቁጠባና ብድር ተቋማት እንዲህ ያለ ሰው ይፈልጋሉ። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ፎርም ማስሞላት ይመስላል። በእርግጥ ግን መዝገብ የሌለውን ሰው ገቢ መገመት ነው። ሻይ ቤት ያላት ሴት «በቀን ስንት ትሸጫለሽ?» ስትባል ወይ ታሳንሳለች ወይ ታበዛለች። ጎበዝ የብድር ባለሙያ እሱን አይጠይቃትም። «ስኳር በሳምንት ስንት ኪሎ ትገዣለሽ?» ይላታል። ከስኳሩ ተነሥቶ የብርጭቆውን ብዛት ያገኘዋል። ከብርጭቆው ሽያጩን። ከዚያ የሻይ ቤቱ ደንበኛ በረመዳን እንደሚቀንስ፣ በገና ሰሞን ደግሞ እንደሚጨምር ያውቃል። ይሄን ሁለት ዓመት የሠራ ሰው የትም ቦታ ቢሄድ አይቸገርም። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ሲገድብ፣ ለደንበኛው «ለምን ብድር አጣሁ?» የሚለውን በትዕግሥት የሚመልስ ሰውም አስፈልጎ ነበር። ማክሮም ለካ ደጃፍ ድረስ ይመጣል።

የዳሰሳ ጥናት ሥራም አለ። ታብሌት ተሰጥቶህ ቤት ለቤት መጠየቅ ነው፤ ኮቦ የሚባለውን መተግበሪያ መልመድ ብዙ ጊዜ አይፈልግም። የሚከፈለው በቀን ነው፣ ቋሚ አይደለም፣ ከከተማ ወጥቶ መሥራቱም ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ቀላል አይደለም። ግን መጥፎ ጥያቄ ምን እንደሚመስል የሚታወቀው እዚያ ነው። ጠያቂ ያልነበረ ሰው መጠይቅ ሲያዘጋጅ አርሶ አደሩን «ስንት ሄክታር አለህ?» ይላል። ሰውየው የሚያውቀው ጥማድ ነው።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ፦ ኤክሴልን በደንብ። ፒቮት ቴብል (ብዙ ረድፍ የሚያጠቃልል ሠንጠረዥ)፣ ሁለት ሠንጠረዥ ማገናኘት፣ ቀን ማስተካከል። ይሄ ብቻ እዚህ አካባቢ ከሚፈለገው አብዛኛውን ይሸፍናል። ስታታ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ለጥናትና ለማስተርስ ነው። ትርፍ ጊዜ ያለው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ውስጥ ያለውን የዳታ ሳይንስ ኮርስ በነፃ ይውሰድ፤ በስልክ ዳታ ቢሆንም ይቻላል። ሰርተፍኬት መሰብሰብ ላይ ግን አትበርቱ። አሥር ሰርተፍኬት ያለው ልጅ ፋይሉ ሲከፈትለት ላብ በላብ ሲሆን አይቻለሁ።

«ሥራ በዘመድ ነው» የሚለውንስ? አዎ፣ አለ። የለም ብዬ አልዋሽም። እኔ ራሴ ፈተናውን አንደኛ ሆኜ አልፌ የሌላ ሰው ስም የተለጠፈበት ቦታ አለ። ግን ትንንሽ ድርጅቶች በትውውቅ የሚቀጥሩት ሁሌ በክፋት አይደለም። ገንዘብና ንብረት የሚነካ ሥራ ላይ ዋስ የሚጠይቁትም ለዚሁ ነው፤ የማያውቁትን ሰው ይፈራሉ። ዘመድ የሌለው ልጅ ማድረግ የሚችለው መታወቅ ነው። የሰፈሩን ዕድር ሒሳብ የያዘ፣ የመስጊዱን ወይም የደብሩን ገቢና ወጪ በሥርዓት የመዘገበ፣ የአጎቱን ሱቅ ክምችት የቆጠረ ልጅ ስሙ ይወጣል። ደሴ ትንሽ ከተማ ናት። «የእገሌ ልጅ ሒሳቡ ንጹሕ ነው» ከተባለ እኔ ጋም ይደርሳል።

ማስተርስን የሥራ ማጣት መሸሻ አድርጎ መግባትን አልደግፍም። ሥራ ላይ አንድ ጥያቄ ይዞ የሚገባ ሰው ሌላ ነው። ሥራ ፈትቶ የገባው አብዛኛው ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ማስታወቂያ ያነባል፤ አሁን ደግሞ «ከሚፈለገው በላይ ነህ» ይሉታል።

የመጨረሻው ደመወዝ ነው። ኢንተርቪው ላይ «ስንት ትጠብቃለህ?» ስንል ሁሉም «እንደ ድርጅቱ ስኬል» ይላል። አራት ዓመት ስለ ዋጋ የተማረ ሰው የራሱን ዋጋ ሲጠየቅ ዝም ይላል ማለት ነው። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። 10,000 ብር ጥቅል ደመወዝ እንበል። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር 1,650 ይቆረጣል፤ ጡረታ 7 በመቶ፣ 700 ብር። እጅ ላይ የሚገባው 7,650 ነው። ደሴ እያደራችሁ ኮምቦልቻ የምትሠሩ ከሆነ የሚኒባሱን ደርሶ መልስ በ26 ቀን አባዙት፣ ምሳ ጨምሩበት፣ ቀንሱት። ኮምቦልቻ ቤት ብትከራዩስ? እሱንም አስሉት። ከዚያ ሥራው ምን ያስተምረኛል የሚለውን ጨምሩበት፤ እሱም ገቢ ነው፣ የሚከፈለው ዘግይቶ እንጂ።

ባለፈው የመጣ አንድ ልጅ ይሄን ሁሉ በወረቀት ሠርቶ መጣ። ስንት ትጠብቃለህ ሲባል አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ መስመር በመስመር። ሥራ አስኪያጃችን መነጽሩን አድርጎ አነበበና ምሳው ላይ ተከራከረ። «ይሄን ያህል የምትበላው ምን ብትበላ ነው?» አለው። ልጁ ምሳውን ትንሽ ቀነሰለት። ትራንስፖርቱ ላይ ግን አንድ ብር አልቀነሰም።